የአለቃ ጆናታን ስዊፍት ሕይወት፥ የጆሮንም ደዌ ስለ መታገሥ የተጻፈ ምክር

አንባቢ ሆይ፥ ሰው ዓይኑ ቢጠፋበት ያየው ሁሉ ያዝንለታል፤ እጁን ይዞ ይመራዋል፥ መንገድም ይለቅለታል። ጆሮው በጠፋበት ሰው ግን ብዙዎች ይስቁበታል፤ አንዳንዶችም ይቈጡታል። የዕውር ጕዳት ከሩቅ ይታያል፤ የማይሰማ ሰው ጕዳት ግን በውስጥ የተሰወረ ነው። ስለዚህ ሲጠሩት ዝም ቢል ትዕቢተኛ ይባላል፤ የተጠየቀውን ትቶ ሌላ ቢመልስ ሞኝ ይባላል፤ ራሱን አዙሮት በመንገድ ቢንገዳገድ ሰካራም ይባላል። በቋንቋችንም ጆሮው የማይሰማውንና ዕውቀት የሌለውን በአንድ ስም ደንቆሮ ብለን የመጥራት ልማድ ስላለ፥ ክፉ ሳናስብ እንኳ በቃላችን ብቻ ወንድማችንን እናዋርዳለን።

ስለዚህ በዚህች ትንሽ ጽሑፍ የአንድ ሰው ታሪክ እንነግርሃለን። ይህ ሰው በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከጻፉት ሰዎች መካከል አእምሮው እጅግ የተሳለ ነበረ፤ ጆሮው ግን ከጐልማሳነቱ መጀመሪያ እስከ ሽምግልናው ታምሞ ኖረ። ስሙ ጆናታን ስዊፍት ነው። የጉሊቨር ጉዞ የሚባለውን፥ ቁመታቸው ከስንዝር ስለማያልፍ ሰዎች አገር የሚናገረውን መጽሐፍ አንብበህ ወይም ሲነገር ሰምተህ እንደ ሆነ፥ የደረሰው እርሱ ነው። ታሪኩን የምንጽፍልህ ግን ስለ መጽሐፉ ዝና አይደለም። ደዌውን እንዴት እንደ ተሸከመ፥ በምን እንደ ተሳሳተ፥ ከመከራውም ለሌሎች ምን ፍሬ እንዳፈራ አይተህ ትማርበት ዘንድ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ተጽፈዋል።

ደዌው እንደ ጀመረው

ጆናታን ስዊፍት በ1667 ዓ.ም. በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ተወለደ። አባቱ እርሱ ሳይወለድ ስለ ሞተ በአጎቱ ርዳታ አደገ። በኪልኬኒ ከተማ ተምሮ በ1682 ዓ.ም. በደብሊን ወዳለው ወደ ሥላሴ ኮሌጅ ገባ። በ1689 ዓ.ም. በአየርላንድ ጦርነት ሆኖ ሳለ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ፤ በዚያም ሰር ዊልያም ቴምፕል ለሚባል ታላቅ ሰው ጸሐፊ ሆነ። የጌታውም ርስት ሙር ፓርክ ይባል ነበር።

በዚያ ወራት፥ ዕድሜው ገና 23 ዓመት ገደማ ሳለ፥ ድንገት ራሱን አዞረው። ምድር ከእግሩ በታች እንደ መንኰራኵር የምትዞር መሰለችው፤ ልቡ ታወከ፥ አስመለሰውም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ጆሮው ይደነቍር ጀመር፤ በውስጡም እንደ ወፍጮ ያለ ድምፅ ያለ ዕረፍት ይጮኽበት ነበር። ሐኪሞች የተወለደበት አገር አየር ይሻለው እንደ ሆነ ብለው ወደ አየርላንድ ሰደዱት፤ ነገር ግን አልተሻለውም።

እርሱም ምክንያቱን በራሱ ላይ ፈለገ። ራሱን ያዞረው አንድ ቀን መቶ የሚያህል ፖም በመብላቱ፥ ጆሮውን ያሳመመው ደግሞ ከቤት ውጭ በሠራው መቀመጫ ላይ ሲያነብና ሲተኛ ብርድ ስለ መታው መሰለው። ሁለቱንም እንደ ልዩ ልዩ ደዌ ይቈጥራቸው ነበር። ፍሬም እጅግ ይወድ ሳለ ከዚያ በኋላ እንደ መርዝ ፈራው። ዕድሜውን ሁሉ በዚህ አሳብ ኖረ፤ ነገር ግን ተሳስቶ ነበር። ፖሙም መቀመጫውም በደል አልነበረባቸውም።

ዛሬ ሊቃውንት የሚያውቁትን ባጭሩ እንነግርሃለን። ከጆሮ ከበሮ በስተ ውስጥ፥ በራስ አጥንት መካከል የተሰወረ፥ እጅግ ጥቃቅን የሆነ የእግዚአብሔር ሥራ አለ። አንደኛው ክፍል እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ ሲሆን በእርሱ እንሰማለን። ሁለተኛው ክፍል እንደ ቀለበት የጐበጡ 3 ቦዮች ያሉት ነው፤ እርሱም ሚዛናችንን ጠብቀን እንድንቆምና እንድንሄድ ያደርገናል። ሁለቱም በፈሳሽ የተሞሉና የተያያዙ ናቸው። ይህ ፈሳሽ ከልክ አልፎ የበዛ እንደ ሆነ ሁለቱም ክፍሎች አብረው ይታወካሉ፤ መስማት ይቀንሳል፥ ጆሮ ይጮኻል፥ ራስም ይዞራል። ዙሪቱ አንዳንድ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በታች፥ አንዳንድ ጊዜም ብዙ ሰዓት ይቈያል፤ ከዚያም ይተውና ሳይታሰብ ይመለሳል። የመስማት ኀይል ግን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ይደክማል፤ መጀመሪያም የሚጠፋው ወፍራም ድምፅ ነው። ስዊፍትም ደዌው በበረታበት ጊዜ ቀጭን ድምፅ ካላቸው ሰዎች በቀር የማንንም ቃል እንደማይሰማ ለወዳጆቹ ጽፎ ነበር።

ሥራውን እንዳልተወ

አንባቢ ሆይ፥ እንዲህ ያለ ደዌ በምን ቀን እንደሚመጣ አይታወቅም። ዛሬ በመንበር ላይ ቆሞ የሚያስተምር ሰው ነገ ከአልጋው ሊነሣ አይችል ይሆናል። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ሥራውን ሁሉ በተወ ነበር። ስዊፍት ግን አልተወም።

በ1694 ዓ.ም. ዲቁና፥ በ1695 ዓ.ም. ቅስና ተቀበለ። በ1700 ዓ.ም. በደብሊን አቅራቢያ ባለችው በላራኮር መንደር ተሾመ። ከ1710 እስከ 1713 ዓ.ም. በለንደን ከመንግሥት ታላላቆች ጋር ሲሠራ፥ በደብሊን ለነበረችው ወዳጁ ለአስቴር ጆንሰን የየቀኑን ነገር ይጽፍላት ነበር። ይህችን ሴት በሙር ፓርክ ገና ሕፃን ሳለች እርሱ ራሱ አስተምሯት ነበር። በደብዳቤዎቹም መካከል ዛሬ ራሴን ደኅና ነኝ፥ ትናንት አዞረኝ እያለ እንደ ተራ ነገር ይነግራታል፤ ክኒኑንና መራራውን መድኃኒት እየዋጠ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። በ1713 ዓ.ም. በደብሊን የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል አለቃ ሆኖ ተሾመ። ሹመቱን በተቀበለ ጊዜ እንኳ ደዌው ጸንቶበት ስለ ነበር፥ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ያርፍ ዘንድ ወደ ላራኮር ሄደ፤ ከዚያም ተመልሶ ካቴድራሉን ከ30 ዓመት በላይ በአለቅነት ያዘ።

ሰውነቱን በሥራ ማድከም ለደዌው ይረዳል ብሎ ስላመነ በፈረስም በእግርም ብዙ ይሄድ ነበር፤ ዝናብ በሆነ ጊዜ በቤቱ ደረጃ እየወጣና እየወረደ ይመላለስ ነበር። በ1724 ዓ.ም. ለአየርላንድ ድኾች ጕዳት የሚሆን የመዳብ ገንዘብ ሊገባ በሆነ ጊዜ፥ በጨርቅ ነጋዴ ስም ደብዳቤዎች ጽፎ ሕዝቡን አስጠነቀቀ። መንግሥትም የጸሐፊውን ስም ለሚያጋልጥ 300 ፓውንድ እሰጣለሁ ብሎ አዋጅ ቢያስነግር፥ በከተማው አሳልፎ የሚሰጠው ሰው አልተገኘም፤ በ1725 ዓ.ም. የገንዘቡ ነገር ቀረ። በ1726 ዓ.ም. የጉሊቨር ጉዞ ታተመ። ይህን ሁሉ የሠራ ሰው ጆሮው የታመመ ነበረ። እንግዲህ ጆሮው የማይሰማውን ሰው አላዋቂ ብሎ የሚጠራ ሰው፥ አላዋቂው ማን እንደ ሆነ ራሱን ይመርምር።

ከገቢውም ሲሶ ያህሉን ለድኾች ይሰጥ ነበር። ከዚህ ሌላ 500 ፓውንድ ለይቶ ለችግረኛ የእጅ ሠራተኞች ያለ ወለድ ያበድር ነበር። ተበዳሪው 5 ወይም 10 ፓውንድ ወስዶ ዕቃውንና መሣሪያውን ይገዛል፤ ሳምንት በሳምንትም ጥቂት ጥቂት እያደረገ ይመልሳል፤ ያም ገንዘብ ለሌላ ችግረኛ ይተርፋል። በራሱ ስቃይ ያለቀሰ ብቻ ሳይሆን የባልንጀራውን ስቃይ ያየ ሰው እንዲህ ያደርጋል።

የተሳሳተበት ነገር

የሰውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው መልካሙን ብቻ ቢጽፍ ሐሰተኛ ይሆናል። ስዊፍት ምላሱ እንደ ምላጭ የተሳለ፥ ቍጣውም ፈጣን ነበረ። ከሁሉ ይልቅ ግን የጐዳው ኀፍረት ነው።

በ1727 ዓ.ም. በበጋ ከወዳጁ ከባለ ቅኔው ከአሌክሳንደር ፖፕ ጋር በትዊክናም ተቀምጦ ሳለ ዙሪቱና ድንቍርናው አብረው መጡበት። ፖፕ ራሱ ጀርባው የጐበጠና በሽተኛ ነበረ፤ ሆኖም እንግዳውን በፍቅር ያስታምመው ነበር። ስዊፍት ግን ወዳጆቹ ወደዚያ ቤት ሲሰበሰቡ የሚሉትን ሳይሰማ በመካከላቸው መቀመጥን አፈረ፤ ሸክም የሆነባቸው መሰለው። ስለዚህ ቤቱን ትቶ ወጣ፤ ጥቂትም ቈይቶ ወደ አየርላንድ ጕዞውን ጀመረ። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ እርስ በርሳቸው አልተያዩም። አንባቢ ሆይ፥ ልብ አድርግ፤ ፖፕ አላባረረውም፤ ያባረረው የገዛ ኀፍረቱ ነበረ።

በዚያ ጊዜ አስቴር ጆንሰን ታማ ነበር። በጥር ወር 1728 ዓ.ም. ሞተች። በተቀበረችበት ሌሊት ስዊፍት ታምሞ ስለ ነበር ከቀብሩ ሊቆም አልቻለም፤ በካቴድራሉ መስኮት የሚታየውን የቀብሯን መብራት እንዳያይ ከመኝታ ክፍሉ ወደ ሌላ ክፍል ሄደ። በዚያም ተቀምጦ ስለ እርሷ ጠባይ ጻፈ።

ከዚያ ወዲያ ብቸኝነቱ በረታ። የሚመጡትን እንግዶች መስማት ስለማይችል እንግዳ መቀበልን እየተወ ሄደ። ዓይኑም ሲደክም መነጽር እንዳያደርግ ቈርጦ ነበርና በአሳቡ ጸንቶ እንቢ አለ። ጆሮው ቃል አያመጣለት፥ ዓይኑም መጽሐፍ አያነብለት ሆነ፤ ያ ታላቅ አእምሮ ምግብ እንደ ተከለከለ ሰው ለብቻው ቀረ። አንድ ቀን ከደብሊን ወጣ ብሎ ከወዳጆቹ ጋር ሲሄድ ጫፉ የደረቀ አንድ ትልቅ ዛፍ አየና ቆመ፤ እርሱም እንደዚያ ዛፍ ከራሱ ጀምሮ እንደሚሞት ነገራቸው። ይህ ፍርሃት ከዙሪቱ ይልቅ ያሠቃየው ነበር።

በ1736 ዓ.ም. ግጥም ሲጽፍ ደዌው ድንገት ያዘው፤ ያንም ግጥም ሳይፈጽመው ቀረ፤ ከዚያም ወዲህ ታላቅ ሥራ አልጀመረም። በ1742 ዓ.ም. የማሰብና የማስታወስ ኀይሉ ስለ ደከመ ዳኞች ጠባቂዎች ሾሙለት። በጥቅምት ወር 1745 ዓ.ም. በ77 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ፤ በካቴድራሉም ውስጥ በአስቴር ጆንሰን አጠገብ ተቀበረ።

ከሞተ በኋላ የተናገሩበት

ስዊፍት ከሞተ በኋላ ብዙ ሰዎች ዕድሜውን ሁሉ እብድ ነበር ብለው አወሩ። አንዳንዶችም መጽሐፉን ስላልወደዱ ይህ ደዌ የክፋቱ ቅጣት ነው አሉ። ይህ ነገር ከ100 ዓመት በላይ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖረ። በ1849 ዓ.ም. ዊልያም ዋይልድ የተባለ የደብሊን የጆሮና የዓይን ሐኪም፥ ደብዳቤዎቹንና የሐኪሞችን ምስክርነት መርምሮ ስዊፍት እብድ እንዳልነበረ የሚከራከር መጽሐፍ አወጣ። በ1861 ዓ.ም. ደግሞ ፕሮስፐር ሜኒየር የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም፥ ዙሪትና የጆሮ ጩኸት መደንቈርም አብረው የሚመጡበት ደዌ ከአንጎል ሳይሆን ከውስጥ ጆሮ የሚነሣ እንደ ሆነ በፓሪስ ለሐኪሞች ጉባኤ አስረዳ። ደዌውም እስከ ዛሬ በስሙ የሜኒየር ደዌ ይባላል። ከዚያ በኋላ የስዊፍትን ደብዳቤ ያነበቡ ሐኪሞች የእርሱ ደዌ ይኸው እንደ ነበር ተረዱ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የደረሰበት የአእምሮ ድካምም በሽምግልና የመጣ ሌላ ሕመም ነበረ፤ የዕድሜው ሁሉ እብደት አልነበረም።

እንግዲህ ሰዎች እብደት ያሉት የጆሮ ሕመም ነበረ፤ ቅጣት ያሉት ከልክ ያለፈ ፈሳሽ ነበረ። ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው ጌታችንን የጠየቁትን አስብ፤ ኀጢአት የሠራው እርሱ ነውን ወይስ ወላጆቹ ብለው ነበር። ጌታም እርሱም ወላጆቹም እንዳልሆኑ ነገራቸው፤ ከዚያም ሰውየውን ፈወሰው። እኛ ግን ከፈውሱ ትተን በደለኛውን ፍለጋ እንሮጣለን።

ስዊፍትስ ለሚያወሩበት ሰዎች ምን ተወላቸው? አእምሮው ገና ደኅና ሳለ በ1740 ዓ.ም. በጻፈው ኑዛዜ፥ ከሀብቱ የሚበዛውን አእምሯቸው ለታመመ ሰዎች ሆስፒታል እንዲሠራበት አዘዘ። በ1746 ዓ.ም. የንጉሥ ፈቃድ ተሰጠው፤ በ1757 ዓ.ም. በደብሊን የቅዱስ ፓትሪክ ሆስፒታል በሽተኞችን ይቀበል ጀመር፤ እስከ ዛሬም አለ። ራሱ እጅግ የፈራውን መከራ በሌሎች ላይ ሲያይ አልሸሸም፤ ቤት ሠራላቸው። ይህ የደዌው ፍሬ ነው።

ለአንባቢ የተሰጠ ምክር

1ኛ፤ ጆሮው ከሚደክም ሰው ጋር ስትነጋገር ፊትህን ወደ እርሱ መልስ፤ አፍህን በብርሃን ያይ ዘንድ ፍቀድለት፤ ቀስ ብለህ ተናገር እንጂ አትጩኽ። ሌሎች ከሚንጫጩበት ስፍራም ለብቻው አውጣው። ጌታችን መስማትና መናገር የማይችለውን ሰው ሊፈውስ በወደደ ጊዜ አስቀድሞ ከሕዝቡ ለይቶ ወሰደው፤ በእጁም ዳሰሰው። ማር 7ን ተመልከት።

2ኛ፤ ምን አልህ ብሎ ሲጠይቅህ፥ ተወው፥ ምንም አይደለም አትበለው። ለአንተ ትንሽ ቃል ናት፤ እርሱን ግን ከማኅበር ውጭ የምትዘጋ በር ናት። ሁለት ጊዜም ሦስት ጊዜም ብትደግምለት ምን ይጐዳሃል? ሙሴ በጻፈው ሕግ የማይሰማውን ሰው መስደብ የተከለከለው፥ ስድቡን ባይሰማ እንኳ እግዚአብሔር ስለሚሰማ ነው።

3ኛ፤ ሰው በመንገድ ሲንገዳገድ ብታይ ሰክሯል ብለህ አትፍረድ። ደግፈህ አስቀምጠው፤ ዙሪቱ እስኪተወው ድረስ አጠገቡ ቈይ፤ ለብቻው ገደል ወይም ደረጃ እንዳይወጣ ጠብቀው።

4ኛ፤ ደዌው በራስህ ላይ የመጣ እንደ ሆነ፥ እንደ ስዊፍት ሥራህን አትተው፤ እንደ ስዊፍት ግን አትሸሸግ። አልሰማሁምና ድገሙልኝ ብሎ መናገር ነውር አይደለም። ወደ ሐኪም ሂድ። ይህ ደዌ እስከ ዛሬ ጨርሶ የሚያጠፋው መድኃኒት አልተገኘለትም፤ ሆኖም ሐኪሞች ጨው መቀነስን ይመክራሉ፤ ዙሪቱን የሚያቀልል መድኃኒት ይሰጣሉ፤ የድምፅ ማጕያ መሣሪያም በጆሮ ላይ ይደረጋል። እርሱ መነጽርን እንቢ እንዳለ አንተ መሣሪያውን እንቢ አትበል። የእግዚአብሔር ርዳታ በሰው እጅ ሥራ ሲመጣ የሚንቅ ሰው ትዕግሥተኛ አይደለም፤ ትዕቢተኛ ነው።

5ኛ፤ ደዌህ የማን ኀጢአት ነው እያልህ ዕድሜህን በፍለጋ አትጨርስ፤ በዚህ ደዌ ለማን ልራራ ብለህ ጠይቅ እንጂ። ሐዋርያው ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ አልተወገደለትም፤ ጸጋ ግን ተሰጠው።

ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴም ሆይ፥ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ በእሳት ዳር ለብቻቸው ዝም ብለው የሚቀመጡ፥ ሰው ሲስቅ ምን እንዳሳቀው ሳያውቁ አብረው ፈገግ የሚሉ ሽማግሌ ወይም እናት ይኖሩ ይሆናል። ይህን ወረቀት ካነበብህ በኋላ ተነሥተህ በአጠገባቸው ተቀመጥ፤ ፊትህንም ወደ እነርሱ መልሰህ የዕለቱን ወሬ ንገራቸው። የሁላችንን ጩኸት የሚሰማ፥ ጆሮን የፈጠረ አምላክ ልባችንን ይክፈትልን። አሜን።